በሥርዓት የተዘጋው ማሽን

ስለ እህቴ ባል ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ጨዋ ነው ይላል። ጎረቤቱ ይላል፣ የሥራ ባልደረቦቹ ይላሉ፣ እናታችን ሳትቀር ትላለች። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ በር አላትሞ አያውቅም፣ እኔን ታላቅ ናት ብሎ እስከ ዛሬ አንቱ ነው የሚለኝ። እኔም ብዙ ዘመን አብሬ ጨዋ ነው ስል ኖሬያለሁ። አሁን ግን ያ ቃል ሲነሳ ቆሽቴ ያርራል፤ በእጄ መቀስ ካለ መጀመሪያ አስቀምጬ ነው የምሰማው።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር ቢኖር፣ ፀጉር ቤቴ መግቢያ ላይ የነበረውና ቀጠሮ የምንይዝበት አሮጌ ማሽን ሲሞቅ እንደሚያጓራ ነው። ስለዚህ ታናሼ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ምን እንደሠራች የማወራው እሷ እንዳስረዳችኝ ነው። እሷ ደግሞ ማስረዳት አይታክታትም። ቢጎዲን እየጠቀለልኩ፣ ደንበኛዬ መስተዋቱ ውስጥ ዓይኗን እያጉረጠረጠች፣ እሷ ከኋላዬ ቆማ ስለ ኔትወርክ ትነግረኛለች።

ከልጅነቷ የምታስተውል ልጅ ናት። እናታችን ከገበያ ስትመለስ «ማን መጥቶ ነበር?» ብላ የምትጠይቀው ታላቋን እኔን ትታ እሷን ነበር። የበሩ መቀርቀሪያ እንዴት እንደተዘጋ ታይና የወጣው አባታችን ይሁን አጎታችን ትናገራለች። ስኳር ስሰርቅ የያዘችኝም እሷ ናት፤ ማንኪያው ወደ ግራ ዞሯል አለች። በዚህ ዓይነት ዓይኗ ምክንያት ቤት ውስጥ ተንፈስ ብሎ መኖር አልተቻለም ነበር።

ትምህርቷን ስትጨርስ ኢንተርኔት በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ስልክ የምትመልስ ሠራተኛ ሆነች። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት» ስትል ትውላለች፣ ሰው ደግሞ ስድቡን ያወርድባታል። ጓደኞቿ ስልኩ ሲዘጋ እፎይ ይላሉ። እሷ ግን ችግሩ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ሆዷ አያርፍም። በምሳ ሰዓቷ ቴክኒሻኖቹ ክፍል እየገባች በጥያቄ ስታደርቃቸው፣ መገላገያ ቢያጡ አስተማሯት። ልጇን ስትወልድ ባሏ በዚያ በለሰለሰ አንደበቱ «ለጊዜው ቤት ብትሆኚስ» አላት። ለጊዜው የተባለው ነገር ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ቆየ። ልመለስ ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እናያለን።»

ሰውየው ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፣ ክራቫቱ አንድ ቀን ተጣሞ አያውቅም። እኔ ስሙን ትቼ «እናያለን» እለዋለሁ። እህቴን ሳገኛት «እናያለን ደህና ነው?» ብዬ እጠይቃታለሁ፣ እሷም ትስቃለች። በእውነት ግን በአንደበቱ እምቢ ብሎ አያውቅም። ቀለም ለመቀባት፣ አልጋ ለመቀየር፣ እናታችንን ለመጠየቅ፣ ለሁሉም እናያለን ነው፤ የሚያየው ግን የለም።

ከዚያ አንድ ቀን የሥራ ማስታወቂያ ይዛ ፀጉር ቤቴ መጣች። የሌሎችን መሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ ከሩቅ የሚጠብቅ ድርጅት ነው። እያንዳንዱ ማሽን የሚሠራውን ሁሉ፣ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን በሩን እንደነካካ፣ በመስመር በመስመር ይጽፋል፤ ያንን ሎግ ይሉታል። የድርጅቱ ሠራተኞች በፈረቃ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ሎግ ያነባሉ፣ ያልተለመደ ነገር ሲያዩ ይጮሃሉ። «እትዬ፣ ለኔ የተፈጠረ ሥራ ነው» አለችኝ። ማንኪያው ትዝ አለኝና እውነትሽን ነው አልኳት።

የሥራ ልምድ ባይኖርም ችግር የለም ይላል ማስታወቂያው። ቤታችሁ ውስጥ የራሳችሁን መለማመጃ ሥሩ፣ ለሁለት ሳምንት ሳይቋረጥ ሎግ ይሰብስብ፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ ላኩ፣ ከዚያ በቪዲዮ እንጠይቃችኋለን። «ሳይቋረጥ» የሚለው ቃል ከሌላው ደምቆ ነው የተጻፈው። ባሏ ማስታወቂያውን አነበበና ፈገግ አለ። ምን እንዳለ መናገር ያስፈልገኛል?

እኔ ያንን የሚያጓራ ማሽኔን ሰጠኋት፤ ለፀጉር ቤቴ ሌላ ገዛሁ። ከአንድ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ዘንድ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕና ገመዶቹን የሚያገናኝ አነስተኛ ስዊች አገኘች። ቦታ ሲጠፋ ከወጥ ቤቱ ጎን ያለችውን ዕቃ ቤት አጸዳች፤ የልጁን አሮጌ ጋሪ፣ ዚፑ የተበጠሰ ሻንጣና የማንም ያልሆነ ምንጣፍ አውጥታ ሰገነቱ ላይ ደረደረችው። ዕቃ ቤቷ ሶኬት የላትም። ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ከዚያ ገመዱን በበሩ ሥር አሳልፋ አስገባችው። ገመዶቹን በፀጉር ማስያዣ ላስቲክ ጠቅልላ አሰረቻቸው። ላስቲኮቹ የኔ ናቸው፣ ሳታስፈቅደኝ ነው የወሰደችው።

ከዚያ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ራውተር የሚያየውን ሁሉ ወደ ማሽኔ እንዲልክ አደረገች። ስልኮቹ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የባሏ ላፕቶፕ፣ ሁሉም ምን እንደሚያደርግ አንድ ቦታ ላይ ይጻፋል። የመጀመሪያ ሥራዋ የሁሉንም ሰዓት ማስተካከል ነበር። ምን ያስፈልጋል ብላት «ሰዓታቸው ካልተስማማ ታሪካቸው አይስማማም፣ በኋላ የሆነውን በፊት ሆነ ብለው ያሳስቱሻል» አለችኝ። የተሰነጠቀውን ላፕቶፕ ደግሞ ወጥመድ አደረገችው። ከውጭ ለሚያየው፣ ሞኝ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ የተወው ኮምፒውተር ይመስላል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው፣ ከቤቱ ኔትወርክም ተለይቶ የታጠረ ነው። በከፈተችው ዕለት ጠዋት ጠዋቱን፣ ከየት እንደሆኑ የማናውቃቸው ሰዎች ፓስዎርድ እየገመቱ ይደበድቡት ጀመር። ስክሪኑ ላይ መስመሩ እንደ ውሃ ሲወርድ አየሁ።

«ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም?» አልኳት።

«ሥራቸው እኮ ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ያልተለመደ ነገር ሲታይ የሚጮህ ማስጠንቀቂያም ሠራች። የመጀመሪያው ጩኸት የመጣው አማቷ ተከታታይ ድራማቸውን ሊያዩ ሲቀመጡ ነው። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ እዚያው ቤት ነው የሚኖሩት፤ ከልጃቸው የተለዩ ናቸው፣ የሚያስቡትን ፊት ለፊት ይናገራሉ፤ በዚህም ምክንያት እኔና እሳቸው አንድም ቀን ተዋደን አናውቅም። ቴሌቪዥኑ ለካ በተከፈተ ቁጥር ወደ ሠራው ፋብሪካ እየደወለ ምን እንደታየ ይናገራል። «ቴሌቪዥኔ ለማን ነው የሚያወራው?» አሉ አማቷ፤ ሲነገራቸው ተቆጥተው ለሳምንት በጨርቅ ሸፈኑት። እህቴ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ዓመታት ሆኖኝ ነበር።

አንድ የሚያናድድ ነገር የተፈጠረው ገና ሁለት ሳምንቱ ሳይጀመር ነው። ባሏ፣ የማሽኑ ቬንትሌተር ጩኸት ራሴን አዞረኝ ብሎ፣ ቁልፉን ተጭኖ ድርግም አደረገው። ማሽኑ እየጻፈ ስለነበር ሃርድ ዲስኩ ላይ የነበረው ሁሉ ተበላሸ፤ እንደገና ከዜሮ ጀመረች። እኔ ብሆን ቤቱን በጩኸት አናውጠው ነበር። እሷ ግን ጎኗ አስቀምጣ አስተማረችው። በራሱ ስም መግቢያ ከፈተችለት፣ ፓስዎርድ ራሱ መረጠ። የግድ ማጥፋት ካለብህ በስልክህም ቢሆን እንዲህ ገብተህ ይህንን ትጽፋለህ፣ ማሽኑ ሥራውን አንድ በአንድ አስቀምጦ ራሱ ይዘጋል፣ ሶኬት እንዳትነቅል፣ ቁልፍ እንዳትጫን አለችው። ራሱን እየነቀነቀ ሰማት፣ እፊቷም ሞከረው።

«ለሱ መግቢያ መስጠት ምን አስፈለገ?» አልኳት።

«ባሌ አይደል እንዴ? ተደብቄ የምሠራ እንዳይመስለው ነው» አለችኝ።

ሁለት ሳምንቱ ተጀመረ። በእነዚያ ቀናት እህቴ ሌላ ሰው ሆነች። ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው ዕቃ ቤት ነው። ወጥመዱን የሚደበድቡትን እያስተዋለች ጠባያቸውን ለየች፤ ይኼኛው ቸኩሎ የሚሄድ ነው፣ ያኛው ተመልሶ ይመጣል፣ ይኼ ደግሞ ሰው ሳይሆን ማሽን ነው ትለኛለች። አነጋገሯ ተለወጠ፣ ቀና ብላ መራመድ ጀመረች፣ ፀጉሬን አሳጥሪልኝ ብላ ራሷ ጠየቀችኝ። ይህን ሁሉ ባሏም ያያል። የማየት ችግር የለበትም።

ጊዜው ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ልጁ ሳል ያዘውና ክሊኒክ ወሰደችው። ስትመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ያ የለመደችው የቬንትሌተር ድምፅ የለም። ኮሪደሩ ላይ የአማቷ ካውያ ተሰክቷል፣ የማሽኑ ገመድ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተንጋሏል፣ አማቷ የልጃቸውን ሸሚዝ እያጠፉ ነው። ስልክ ደወለችልኝ፤ «እትዬ፣ ጠፋ» ብቻ ነው ያለችኝ። ደንበኛዬን ግማሽ ፀጉሯ ቀለም ተቀብቶ ለረዳቴ ትቼ ሄድኩ።

ስደርስ እህቴ ዕቃ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። እኔ በቀጥታ ወደ አማቷ ነው የሄድኩት።

«ሶኬቱን ነቅለዋል ወይስ አልነቀሉም?»

«ነቅያለሁ፣ ግን...»

«ግኑን ለራስዎ ያድርጉት» አልኳቸውና በዚያው ቀጠልኩ። ያልወጣኝ ነገር የለም። ካውያው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ዓመት ሙሉ በሆዴ የያዝኩት ሁሉ ወጣ። እህቴም ተነስታ፣ በሕይወቷ አማቷ ላይ ድምፅ አንስታ የማታውቀው ልጅ፣ «አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩዎት» አለቻቸው። ሴትዮዋ ሸሚዙን አስቀምጠው ክፍላቸው ገቡ።

ባሏ ከሥራ ሲመለስ ሁሉንም ሰማ። እህቴን ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት። እናቴን አትቆጧት፣ ሳታውቅ ነው፣ ያለፈ አልፏል፣ ሌላ ሥራ ይመጣል አለ። በማግስቱ አንድ ከረጢት ሙሉ ብርቱካን ይዞ ገባ፣ ልጦም አጎረሳት። እኔ ራሴ፣ ይኸው አፌ ይመስክርብኝ፣ ምን ዓይነት ጥሩ ባል ነው ብዬ አሰብኩ።

ማሽኑን መልሳ አስነስታ የቀሩትን ቀናት ጨረሰች። ሪፖርቷ ላይ፣ አንድ የቤተሰብ አባል ሶኬቱን በመንቀሏ ሎጉ ተቋርጦ ነበር ብላ ጽፋ ላከችው። ተስፋ አላደረገችም። ግን ደወሉላት፤ ለማንኛውም እንጠይቅሽ፣ ስለ ክፍተቱም ታስረጂናለሽ አሏት። እስከዚያ ድረስ ያ ቤት አይጣል ነበር። አማቷ ከክፍላቸው አይወጡም፣ ካውያውን ከነገመዱ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱት፣ ራት ላይ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ባሏ በሁለቱ መሐል ሳህን ያቀባብላል።

ቤቱ አይመችም ብላ ቃለ መጠይቁን እኔ ጋ፣ ፎጣና ቀለም የማስቀምጥበት የኋላ ክፍል ውስጥ አደረገች። የተዋሰችውን ላፕቶፕ ከዚያ ሆና ከቤቷ ማሽን ጋር አገናኘችው። በሩ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል። ከመጋረጃው ውጭ አንዲት ደንበኛዬ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣለች። ባሏ ከባንክ ቤት አስፈቅቶ፣ መልካም ዕድል ልበላት ብዬ ነው ብሎ መጣ፤ ፀጉር ማጠቢያው ወንበር ላይ እግሩን ገጥሞ ተቀመጠ።

የምትጠይቃት ሴትዮ የፈረቃ ኃላፊዋ ናት። በመጋረጃው ክፍተት አየኋት፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወርዷል፣ ድምፅዋ ጎርናና ነው፣ የደከማት ትመስላለች። ስለ ወጥመዱ ጠየቀቻት፣ እህቴ መለሰች። ስለ ሰዓቱ ጠየቀቻት፣ መለሰች። የቴሌቪዥኑን ታሪክ ስትነግራት ሴትዮዋ ሳቀች። እኔም መተንፈስ ጀመርኩ።

«እዚህ ጋ ክፍተት አለ» አለች ከዚያ።

«አዎ። ሶኬት ተነቅሎ ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«አንብቤዋለሁ። አይተሽ ነው ወይስ ተነግሮሽ?»

«ተነቅሎ ነው ያገኘሁት።»

«እሺ፣ ሶኬቱን አይተሻል። ሎጉንስ?»

ያቺ ማንኪያ ወደ ግራ ዞሯል ያለች ልጅ፣ በራሷ ቤት፣ በራሷ ማሽን፣ ሳታይ ጽፋለች። ሁላችንም ካውያውን አይተን በዚያው ጨርሰናል።

«አላየሁም» አለች።

«አሁን አብረን እንየው።»

የኪቦርዱ ቁልፎች ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ቆመ። ዞሬ ባሏን አየሁት፤ ከመደርደሪያው ላይ የሻምፖ ጠርሙስ አንስቶ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያኔ ነው ልቤ የጠረጠረው።

«ምን ታያለሽ?» አለች ሴትዮዋ።

«ማሽኑ... በሥርዓት ነው የተዘጋው።»

«አስረጂኝ።»

«ሶኬት የተነቀለ ማሽን ምንም ሳይጽፍ ነው የሚቆመው፣ መስመሩ መሐል ላይ ይቋረጣል። ይኼ ግን ሥራዎቹን አንድ በአንድ አቁሟል፣ ፋይሎቹን ዘግቷል፣ ከዚያ ነው የጠፋው። ሰው ገብቶ ነው ያዘዘው። ከቤቱ ዋይፋይ፣ በስልክ።»

«ማን?»

እኔ ጓንቴን አውልቄ ወደ መጋረጃው ተጠጋሁ።

«ባለቤቴ» አለች እህቴ።

«ፈቃድ ነበረው?»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«አሁንስ?»

ቁልፎቹ እንደገና ተሰሙ፣ አጭር ነበር።

«አሁን የለውም።»

ሴትዮዋ ትንሽ ጻፈች። ሪፖርትሽ ስህተት አለበት አለቻት። እህቴም፣ አዎ፣ ሳላይ ጻፍኩ፣ አርሜ እልካለሁ አለች። «ዛሬውኑ ላኪው» አለች ሴትዮዋ፤ ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መጀመሪያ ግን ውሃ ጠጪ» አለቻት። ስክሪኑ ጠፋ።

እኔ ነገር ማንጠልጠል አልወድም፤ ሥራውን አገኘችው። የደወሉላት ከቀናት በኋላ ነው፣ ዛሬም እዚያው ነው የምትሠራው። ያን ዕለት ግን ይህን አናውቅም ነበር። ያን ዕለት የምናውቀው፣ ሥራው ከእጇ እንደወጣና ያስወጣው ሰው ሻምፖ ይዞ እንደተቀመጠ ብቻ ነው።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። እኔ ቀደምኳት። ምን እንዳልኩት ሁሉንም አልጽፈውም፤ ደንበኛዬ ካስኩን ከራሷ ላይ አንስታ ነው የሰማችው። እሱ «እርስዎ እውነት አለዎት» ብቻ አለኝ። አንቱታው የባሰ አበገነኝ። እህቴ እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ተይ። ለምን እንደሆነ ይንገረኝ።»

ጠርሙሱን ቦታው መለሰው፣ መለያውን ወደ ፊት አድርጎ። «ሥራው ፈረቃ ነው» አለ። «ሌሊትም አለበት። ልጁ አለ፣ እናቴ አለች። ዕቃ ለማምጣት ወደ ቤት ተመልሼ ነበር፣ ማንም የለም፣ እማዬም ጎረቤት ነበረች። አትሂጂ ማለት ከበደኝ።»

«ከበደህ?»

«ምንም እንዳይበላሽብሽ፣ ልክ እንዳስተማርሽኝ ነው የዘጋሁት እኮ።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ፤ ምስጋና እየጠበቀ ነበር። ሕይወቷን ሲያጠፋባት በንጽሕና ነው ያጠፋው፣ በሯን ዘግቶ፣ ዕቃዋን አስተካክሎ፣ እግሩን ጠርጎ። ሶኬቱን እንደ ባለጌ ቦጭቆ ቢነቅለው ኖሮ ምንም አይጻፍም ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እኒያን አሮጊት ስንረግም እንኖር ነበር። ይህን ሳስበው አሁንም እርር ድብን እላለሁ።

እህቴ አልጮኸችም። «አይሆንም ብትለኝ እንጣላ ነበር፣ ከዚያ እንታረቅ ነበር» አለችው። «ሰው እንደዚህ ነው የሚኖረው። አንተ ግን አጥፍተህ ስታጽናናኝ ከረምክ። ብርቱካን ልጠህ አጎረስከኝ። እሱን በምን ልርሳው?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አለ።

እሷ ቦርሳዋን አነሳች። ወዴት ነው ብላት፣ እማማ ጋ አለችኝ፤ አማቷን እንዲህ ነው የምትጠራቸው። ደንበኛዬን ለረዳቴ አስረክቤ ተከተልኳት፤ እኔም የማወራርደው ነገር ነበረብኝ።

አማቷ ክፍላቸው ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። እህቴ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ያዘች፣ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እርስዎ አይደሉም» አለች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። አሮጊቷ የእህቴን ራስ ዳሰሱና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ያን ቀን ልነግርሽ ነበር» አሉኝ። «ከጎረቤት ስመለስ ማሽኑ ዝም ብሏል፣ መብራቱም የለም። ተበላሽቶ ይሆናል፣ ካልሠራ ምን ያደርጋል ብዬ ነው ነቅዬ ካውያዬን የሰካሁት።»

«እኔንም ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ግን ከዚያ በኋላ ለምን ዝም አሉ? ይህን ሁሉ ቀን?»

«መች ዝም አልኩ? ለልጄ ያንኑ ዕለት ነገርኩት» አሉ። እጃቸው ቀሚሳቸውን እየደጋገመ ያስተካክላል። «ስነቅለው ጠፍቶ ነበር፣ ንገራት አልኩት። በሩን ዘጋና ጎኔ ተቀመጠ። እማዬ፣ ዝም በይልኝ፣ ከኔ ይልቅ አንቺን ቶሎ ይቅር ትልሻለች አለኝ።»

እህቴ ከጉልበታቸው ላይ ቀና አላለችም። የውጭው በር ተከፈተ፤ እሱ ነው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አምጥቶ፣ ቦርሳውን ይዞለት ገባ። ልጁ ወደ ወጥ ቤት ሮጠ። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሦስታችንንም አየ፣ ጫማውን እንኳ አላወለቀም።

«እማዬ» አለ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ።

አማቷ አንድ እጃቸው እህቴ ራስ ላይ እንዳለ ነው የመለሱለት።

«እንዳልከው ሆኗል» አሉት። «እኔና እሷ ታርቀናል። ያንተን ግን አላውቅም።»